እናቴ በዚህ ዕድሜዋ የዳሌ ቀዶ ሕክምና ትችላለች?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ትናንት ማታ ከመደብ ስትወርድ ወድቃ መነሳት አቃታት። ደብረ ማርቆስ ወስደናት ራጅ ተነሳች። የጭን አጥንቷ አንገት ተሰብሮ ከቦታው ስለለቀቀ የዳሌዋ መገጣጠሚያ በግማሽ ይቀየር ተባልን። ዘመድ ግን «ቢላ አትችልም፣ ወጌሻ ይያት» ይላል። ምን ይሻላል? (ከቢቸና)

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልዎት። ወጌሻው ይቅር። ለሌላ ስብራት የሚሉትን ይበሉ፣ ይሄኛው ግን በማሸት አይገጥምም። የጭን አጥንት ክብ ራስ ደም የሚያገኘው በአብዛኛው በአንገቱ በኩል በሚያልፉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። አንገቱ ተሰብሮ ሲለቅ እነሱም ይጎዳሉ። ደም ያጣ አጥንት በቀርከሃ ቢታሰር አይድንም፣ በብሎን ቢያዝም ሳይድን ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በአዛውንቶች ላይ ራሱን አውጥቶ በብረት መተካት ይመረጣል። «በግማሽ» የተባለውም ለዚህ ነው፤ ራሱ የሚገባበት የዳሌ ጉድጓድ አይነካም።

«ቢላ አትችልም» ለሚሉት፣ እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ አልጋው ነው። በዚህ ዕድሜ ሳምንታት በጀርባ መተኛት የሳንባ ምች፣ የመኝታ ቁስልና የደም መርጋት ያመጣል። ብዙ አዛውንት የምናጣው በዚህ ነው። ቀዶ ሕክምናውም አደጋ አለው። ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ብረቱ ሊወልቅ፣ የደከመ ልብ ሊፈተን ይችላል። ግን ብዙ ጊዜ ከወገብ በታች በሚያደነዝዝ መርፌ ይሠራል፤ በማግሥቱም ተደግፈው እንዲቆሙ ይደረጋል።

ቢቻል በ48 ሰዓት ውስጥ ይሠራ። ቢያልፍም «አለቀ» ብላችሁ እንዳትተዉት። ባሕር ዳር ሪፈር ከተባላችሁ ቶሎ ሂዱ፤ ደም የሚሰጥ ዘመድም አብሮ ይሂድ። ስኳር፣ ግፊት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለ ቀድማችሁ ተናገሩ። ሲወድቁ አዙሯቸው ከነበረም ይነገር፤ መውደቁ ራሱ ምክንያት ይኖረዋል።

ቤት ሲመለሱ በርጩማና ዝቅ ያለ መደብ ለጊዜው ይቅር። ሲቀመጡ ዳሌያቸው ከጉልበታቸው ከፍ ይበል፤ እግርም አያነባብሩ። ለሽንት ቤት ቁጢጥ ማለት ስለማይችሉ አናጢ መሀሉ የተቀደደ ወንበር ይሥራላቸው። ስግደቱም ይቆይ። እናቶቻችን በዚህ እሺ እንደማይሉ አውቃለሁና የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ይሻላል። ቁስሉ ከቀላ፣ ፈሳሽ ካመጣ፣ ባታቸው ካበጠ ወይም እግራቸው በድንገት አጥሮ ከዞረ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ይመለሱ።