የፍየል ግልገል ከእናቱ መቼ ይለያል? ከጣና ዙሪያ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ስለ ፍየል ግልገሎች የከበዳችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከባሕር ዳር፣ ከመሸንቲ፣ ከወረታ፣ ከደቅ ደሴትም ሳይቀር ጥያቄ መጣ። አብዛኛው የሚያጠነጥነው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ግልገሉን ለሚወስደው ሰው መቼ ልስጥ? በመጡበት ተራ ልመልስ።

ጥያቄ (ከመሸንቲ)፦ ጋሼ፣ ግልገል በስንት ወሩ ነው ከእናቱ የሚለየው? አንድ ቁጥር ይንገሩኝ።

መልስ፦ አንድ ቁጥር ካልከኝ ሦስት ወር። ከሁለት ወር በፊት ግን በፍጹም።

ምክንያቱ ሆዱ ነው። ግልገል ሲወለድ ሆዱ የተዘጋጀው ለወተት ብቻ ነው። ሣርና ቅጠል የሚብላላበት ትልቁ ጨጓራ ገና ትንሽ ነው። የሚያድገውም ግልገሉ ቅጠል መቀንጠብ ሲጀምር ነው። መቀንጠቡን በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ይጀምራል፤ ያለ ወተት ሊያኖረው የሚችለው ግን ወደ ሁለት ወር ሲጠጋ ነው። በወር ከአሥራ አምስት ቀኑ የተሸጠ ግልገል ቅጠል ሲያኝክ ታዩትና በላ ትላላችሁ። አፉ ይበላል፣ ሰውነቱ ግን አያገኝም። ሆዱ ይነፋል፣ አጥንቱ ይወጣል፣ ፀጉሩ ይንጨባረራል።

ወሩን ብቻ ግን አትቁጠር። ጋደም ብሎ ሲያመሰኳ አይተኸዋል? እናቱን ሳይከተል በራሱ ወደ መኖውና ወደ ውሃው ይሄዳል? ክብደቱንም እይ። የአገራችን ፍየል ሲወለድ አብዛኛውን ጊዜ 2 ኪሎ ወይም ትንሽ ከፍ ይላል። ብዙ ባለሙያ የትውልድ ክብደቱ ሁለት ተኩል እጥፍ ሲሆን ይበቃል ይላል። እኔ ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 7 ኪሎ አካባቢ እስኪደርስ ብትታገሡ እመርጣለሁ። የሰው ሚዛን ካለ ግልገሉን ታቅፈህ ውጣበት፣ ከዚያ ብቻህን ውጣ። ልዩነቱ የእሱ ነው።

ጥያቄ (ከዘንዘልማ)፦ መንታ ወልዳልኝ ወንዱ ጠንካራ፣ ሴቷ ቀጫጫ ናት። ገዢው ሁለቱንም ባንድ ቀን ልውሰድ ይላል።

መልስ፦ ገዢው ሌላ ፍየል አለው? ካለው ወንዱን ይውሰድ። ሴቷ የእናቷን ወተት ብቻዋን ታገኛለች፣ ቶሎ ትካካሳለች። ሌላ ፍየል ከሌለው ግን ለሁለቱም ይጠብቅ። ፍየል ብቻውን መኖር አይችልም። ብቻውን የተወሰደ ግልገል ይጮኻል፣ መኖ ይተዋል፣ በዚያው ይታመማል። እኔ አንድ ግልገል ብቻውን ለሚያሳድግ ሰው አልሰጥም፤ እናንተም ባትሰጡ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ በየካቲት መጨረሻ የተወለዱ አሉኝ። ለፋሲካ ዋጋው ጥሩ ስለሆነ ልሽጣቸው?

መልስ፦ ተይ እህቴ። ፋሲካ ሲደርስ ሁለት ወር እንኳ አይሞላቸውም። የበዓል ገበያ ደግሞ ከየአቅጣጫው የመጣ እንስሳ ይተፋፈግበታል፤ ገና ጡት ላይ ያለ ግልገል በሽታ ይዞ ይመለሳል። በግንቦት መጨረሻ ለሚያረባ ሰው ብትሸጪው ለአንቺም ለእሱም ይሻላል።

ጥያቄ (ከሰባታሚት)፦ ወጠጤው አራት ወሩ ነው፤ እህቶቹ ላይ መውጣት ጀምሯል። ገና ልጅ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?

መልስ፦ አለው! ወንድ ግልገል ከሦስት ወር ተኩል ጀምሮ ማስረገዝ ሊችል ይችላል። የፍየል እርግዝና አምስት ወር ነው። ገና በልጅነቷ ያረገዘች እንስት እድገቷ ይቆማል፣ ስትወልድም ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ የሴቶቹ መውጫ ቢዘገይም የወንዱ አይዘግይ። ገዢ ካልመጣ ለብቻው እሰረው፣ ወይም ለሙክት ካሰብከው በባለሙያ አስኮላሸው። ዛሬውኑ ለየው።

ጥያቄ (ከወረታ)፦ ክትባቱ ግልገሉ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

መልስ፦ በፊት። ከሁሉ የሚያስፈራው ደስታ መሰል በሽታ ነው። ዓይንና አፍንጫው ይፈሳል፣ አፉ ይቆስላል፣ ያስቀምጠዋል፣ ያስለዋል፤ ግልገሎችን ይፈጃል። ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። እናቱ የተከተበች ከሆነች በእንገሯ ያገኘው መከላከያ እስከ ሦስትና አራት ወር ሊቆይ ይችላል፤ ያ መከላከያ እያለ ቢከተብ ክትባቱ በደንብ ላይዝለት ይችላል። ሦስት ወር ሲያልፈው የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አማክሩ። ከተከተበ በኋላም ሁለት ሳምንት ያህል እናንተው ጋ ይቆይ። በተከተበ ማግስት መንገድ አይውጣ።

ጥያቄ (ከደቅ)፦ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ልልክ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ጠዋት በጊዜ ይነሣ፣ ፀሐይና ሞገድ ሳይበረታ። እግሩን አስራችሁ ጆንያ ውስጥ አትክተቱት። ቅርጫት ውስጥ ድርቆሽ ተነጥፎለት ይቀመጥ። ከመነሣቱ በፊት ሆዱ እስኪወጠር አታብሉት።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ግልገል ገዛሁ። ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል፣ አሁን ደግሞ ያስቀምጠዋል። ፉርሽካና በቆሎ እየሰጠሁት ነው።

መልስ፦ ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በደህና ጊዜ ተለይቶም የሚሞት ግልገል አለ፤ የሚሞተውም በአዲሱ ቤት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። እናቱንም፣ ጓደኞቹንም፣ መኖውንም ባንድ ቀን አጣ።

በቆሎውን አሁኑኑ አቁም። ያልለመደ ሆድ እህል ሲበዛበት ይመረዛል፣ በዚያው ሊገድለው ይችላል። ድርቆሽና የለመደውን ቅጠል ስጠው። ንጹሕ ውሃ አይራቀው። ሻጩን ደውለህ ምን ይበላ እንደነበር ጠይቅ፤ ከተቻለ የአንድ ሳምንት መኖ አምጣ። አዲሱን ከድሮው ጋር እያቀላቀልክ ቀስ በቀስ ቀይር። ፉርሽካውን በኋላ በእፍኝ ጀምርለት። ሳስባኒያ የሚባለው የመኖ ዛፍ ቅጠል ካለ በጣም ጥሩ ነው።

ተቅማጡን ግን በመኖ ብቻ አትለፈው። በዚህ ዕድሜ ኮክሲዲያ የሚባል አንጀት የሚያቆስል ተባይ ይነሣል፤ ጭንቀት ሲያገኘው ይብሳል። ደም ካየህበት ወይም ከደከመ ዛሬውኑ እንስሳት ክሊኒክ ውሰደው። እስከዚያው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጠህ ጥቂት ጥቂት አጠጣው። ሌሎች ፍየሎች ካሉህም ሦስት ሳምንት ያህል አትቀላቅለው፤ ድምፃቸውን እየሰማ፣ እያያቸው ግን ይደር።

እምቦጭና የጫት ገረባ እየሰጣችሁ የጠየቃችሁኝም አላችሁ። እምቦጭ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ትንሿን ሆድ ይሞላና ምግብ አይሆናትም። ለግልገል አልመክርም። ገረባ ፍየል ይወዳል፣ ግን ጫቱ ፀረ ተባይ ተረጭቶ ሊሆን ይችላል። ከየት እንደመጣ የማታውቁትን አትስጡ። ከሐይቁ ዳር ካለው ረግረግም አርቋቸው፤ የጉበት ትል የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ያለው እዚያ ነው።

ጥያቄ (ከመራዊ)፦ ግልገሎቹ ሲሄዱ እናቲቱ ግቷ ተወጥሮ ታመመች። ልለባት?

መልስ፦ ግቷ ከጋለ፣ ከጠጠረ ወይም ወተቷ ከተቋጠረ በሽታ ስለሆነ ባለሙያ ይያት። ተወጥሮ ብቻ ከሆነ ሕመሙ እስኪቀልላት ጥቂት አልቢላት፤ ሙልጭ አድርገሽ ካለብሻት እንደገና ታግታለች። ለጥቂት ቀን ፉርሽካና አተላ ቀንሺላት። ለሚቀጥለው ጊዜ ግልገሎቹን መጀመሪያ ሌሊት ሌሊት ለይተሽ አሳድሪ፣ ከሳምንት በኋላ ጨርሰሽ ለዪ። ለእሷም ለእነሱም ይቀላል።

ጥያቄ (ከጎርጎራ)፦ የሸጥኩት ግልገል አልበላ ስላለ ገዢው ሊመልሰው ነው። እናቱ ጋ ልመልሰው?

መልስ፦ ተቀበለው፣ ግን በቀጥታ መንጋው ውስጥ አትልቀቀው። ገበያ ደርሶ ወይም ሌላ ቤት አድሮ የመጣ ነው። ለብቻው አስቀምጠህ ሙቀቱን አስለካለት፣ አፉንና ዓይኑን እይ። ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ከሦስት ሳምንት በኋላ አስገባው። ገንዘቡንም መልስለት።