ከባሌ ጋር በተጨቃጨቅን ቁጥር ራሴን ያመኛል

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ነዎት? የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሰባት ወር ሆኖኛል። ባለቤቴ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ቤት ሲመጣ በገንዘብ እንጨቃጨቃለን፤ መንገድ ላይ ሲሆን ደግሞ በስልክ። ከዚያ በኋላ እህል አይበላልኝም፣ እንቅልፍም የለኝም፣ ራሴን ይፈልጠኛል። ሰሞኑን ፊቴም አብጧል። አማቴ «ንዴት ነው፤ ልጁን ትጎጂዋለሽ» ይሉኛል። እውነት ጭቅጭቁ ልጄን ይጎዳዋል?
ግራ የገባኝ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ መጽሔቱን አስቀምጪና ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ቀጠሮሽን አትጠብቂ። ራስ ምታትና የፊት እብጠት አብረው ሲመጡ እኔ መጀመሪያ የማስበው ግፊትሽን ነው። የባልሽ ጉዳይ በኋላ ይደርሳል።

ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣ የእርግዝና ደም ግፊት አለ፤ ሐኪሞች ፕሪኤክላምፕሲያ ይሉታል። በመጀመሪያ እርግዝና ላይ ይበልጥ ያጋጥማል። ግፊትሽ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና ሽንትሽ ላይ ፕሮቲን ከተገኘ፣ ቤት ተኝተሽ የምታሳልፊው ነገር አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ከእንግዴ ልጁ ነው፤ ጭቅጭቅ አያመጣውም። ዓይንሽ ብዥ ካለብሽ፣ ከጎድንሽ ሥር በቀኝ በኩል ካመመሽ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ።

አማትሽን አትቀየሚያቸው፤ ለልጁ ሰግተው ነው። ግን ራስ ምታትን ሁሉ ለንዴት መስጠት አደገኛ ነው። «ተናድጄ ነው» እያሉ ቤት ቆይተው፣ ሲብስባቸው የሚመጡ እናቶችን ብዙ አይቻለሁ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ስንናደድ ልብ ይመታል፣ ግፊት ለጊዜው ይጨምራል፣ ከዚያ ይወርዳል። አንድ ቀን ተጨቃጨቅሽ ብሎ ልጁ አይጎዳም። ለወራት የሚዘልቅ ከባድ ጭንቀት ግን ያለጊዜው ከመውለድና ከልጁ ክብደት ማነስ ጋር ይያያዛል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ኩርፊያው ነው። ያኮረፈች ሴት ምሳዋን ትተዋለች፣ የአይረን ክኒኗን ትረሳለች፣ «ማን ይወስደኛል» ብላ ከክትትል ትቀራለች። (ክኒኑን ደግሞ ከቡና ጋር አትውሰጂው፤ በደንብ አይሠራልሽም። ብርቱካን ካለ ከእሱ ጋር።)

የገንዘቡን ወሬ ከስልክ አውጡት። በተለይ እሱ መሪ ይዞ ሳለ! ክትትሉም ወሊዱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነጻ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ የምታሰሉት የትራንስፖርቱን፣ የልጁን ልብስና የአራስ ጥሪቱን ነው። ማታ ምጥ ቢመጣ ማን መኪና እንደሚያመጣ አሁኑኑ ይጨርስ። እሱ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላላ።

ሲመጣ ለክትትል አብራችሁ ሂዱ። ግፊትሽ ሲለካ በዓይኑ ይይ። የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራውንም አብራችሁ አድርጉ። ሹፌር ስለሆነ አይደለም፤ ባንክ ቤት ለሚሠራውም የምለው ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ባትጽፊውም ልጠይቅሽ። እጁን ያነሳብሻል? ካነሳ ይህ ጭቅጭቅ አይባልም። ሆድ ላይ ያረፈ ምት እንግዴ ልጁን ከማህፀን ሊያላቅቀው ይችላል። ለምትመረምርሽ አዋላጅ ንገሪያት። አማትሽ አብረውሽ ካሉ «ለብቻዬ ላናግርሽ» በያት፤ በር ትዘጋልሻለች።