«ፒኔን ለማንም አልነገርኩም»፤ ግን የት ጻፉት?

ጥያቄ፦ ዓርብ ማታ ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚኒባስ ስሄድ ስልኬ ተሰረቀ። በአሻራ የተቆለፈ ስለሆነ ብዙም አልተጨነቅሁም። ሰኞ ሲም አስወጥቼ ባንክ ስሄድ 64 ሺህ ብር በሞባይል ባንኪንግ ተልኮ አገኘሁ። ባንኩ «በራስዎ ፒን ነው የወጣው» አለኝ። ፒኔን ለማንም አልነገርኩም። ባንኩን ልክሰስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ለማንም አልነገርኩም» ብለዋል። «የትም አልጻፍኩም» ግን አላሉም።

ነገር ፍለጋ አይደለም። እንዲህ ብለው ቢሮዬ የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ፤ እውነቱ የሚወጣው ቡናው ከቀረበ በኋላ ነው። አንዱ ፒኑን ከስልክ ቁጥሮች መሐል «ባ.ፒ» ብሎ አስቀምጦት ነበር። በ0911 ይጀምራል፣ የመጨረሻዎቹ 4 አሃዞች ፒኑ ናቸው። ማን ይጠረጥራል ብሎ ነው። ሌባው ግን «ባ.ፒ» የሚባል ዘመድ እንደሌለ ለማወቅ ብዙ አልቸገረውም።

«በአሻራ ተቆልፏል» ላሉትም፣ አሻራው የሚጠብቀው ስልኩን እንጂ ሲሙን አይደለም። ሲሙ የራሱ መቆለፊያ ከሌለው ሌባው አውጥቶ ሌላ ቀፎ ውስጥ ይከተዋል። ሲሙ ላይ የተቀመጡ ስሞች እዚያው ይነበባሉ። ባንኪንግዎ በኮከብና በመሰላል የሚሠራ ከሆነ የሚቀረው ፒን ብቻ ነው።

ይህ ሕጉ ላይ ለምን ይከብዳል? ሞባይል ባንኪንግ ሲከፍቱ የፈረሙት ፎርም አለ። አላነበቡትም፤ ማን ያነበዋል? እንዲህ ያሉ ፎርሞች ብዙውን ጊዜ ሁለት ግዴታ ያስገቡዎታል፤ ፒኑን በምስጢር መያዝና ስልኩ ሲጠፋ ወዲያው ማሳወቅ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1731 ደግሞ በሕግ አግባብ የተደረገን ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ያስገድዳል። ስለዚህ የባንኩ ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ «ፒኑን የት አስቀምጠውት ነበር?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ከዓርብ እስከ ሰኞ የት ነበሩ?» ይላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ከጎረቤት ስልክ ለባንኩ ጥሪ ማዕከል መደወል አይቻልም ነበር? ፖሊስ ጣቢያ መሄድም፣ ሲም ማሳገድም ባንኩን ማሳወቅ አይደለም። ባንኩ ከማወቁ በፊት የወጣ ብርና ካወቀ በኋላ የወጣ ብር ፍርድ ቤት ፊት እኩል አይታዩም። ካሳወቁ በኋላ የተላከ ካለ እጅዎ ይጠነክራል። ስለዚህ ስቴትመንቱን ሲጠይቁ ቀኑን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ብር የወጣበትን ሰዓት ጭምር ይጠይቁ።

የሌባው ጉዳይ ቀላል ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ሲስተም ውስጥ መግባትንም፣ በዚያ ማታለልንም ይቀጣል። የእርስዎ ቸልተኝነት እሱን ነፃ አያወጣውም። ብሩ የገባበት ሂሳብም ባለቤት አለው። ስሙን ባንኩ ለእርስዎ አይነግርዎትም፤ በሕግ አግባብ ሲጠየቅ ግን ለመርማሪ ይሰጣል። ስለዚህ ፖሊስ ጋ ካላመለከቱ ዛሬውኑ ይሂዱ።

«ልክሰስ?» ላሉት፣ ፎርሙን ሳላይ አዎም አይሆንምም አልልም። ቅጂውን ከባንኩ ይጠይቁ። የፖሊስ ማስረጃውን፣ ሲም ያስወጡበትን ደረሰኝና ስቴትመንቱን ይዘው ጠበቃ ጋ ይቅረቡ። የጻፉት ፒን ካለ ለጠበቃዎ ይንገሩ፤ ባንኩ ላይ አቤቱታ ከመጻፍዎ በፊት። ብዙ ሰው በንዴት «የትም አልጻፍኩም» ብሎ ይፈርማል። ኋላ ሌላ ነገር ከተገኘ፣ እውነት የሆነውንም የሚያምንለት ያጣል።

እስከዚያው የኢሜይልዎንና የቴሌብርዎን ምስጢር ቁጥር ይቀይሩ። የመታወቂያ ፎቶ ስልኩ ላይ ከነበረ ያንንም ለፖሊስ ያስመዝግቡ።

አቤቱታውን በሁለት ኮፒ ያዘጋጁ። አንዱን ያስረክቡ፤ በሌላው ላይ «ደርሷል» ተብሎ ቀን፣ ሰዓትና ማኅተም ይደረግበት። ተቀባዩ «ግዴለም፣ እኛ ጋ አለ» ቢልዎ እንኳ ማኅተሙ እስኪያርፍ ከመስኮቱ አይነሱ።