መቁጠር ለብቻ፣ መንገር ለብቻ

ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል አምስቱ ዙሪያቸው አንድ ነው፦ ሪፖርትና ጥናት የሚጽፍ አእምሮ ለታሪክና ለግጥም ሲቀመጥ ለምን ይተሳሰራል? እንደ ጥያቄው ክብደት አንዳንዱን አስረዝመን፣ አንዳንዱን በአጭሩ መልሰናል።

ለገሃር አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት የክትትልና ግምገማ ባለሙያ ነኝ። ማታ ማታ አጭር ልብ ወለድ እሞክራለሁ፤ ገጸ ባሕርያቴ ግን ሁሉም እንደ ሩብ ዓመት ሪፖርት ነው የሚያወሩት። ተሰጥኦ የለኝም ማለት ነው?

አይደለም። ቀን የሠሩበት አእምሮ ማታም አብሮዎት ቤት እየገባ ነው። ሪፖርት ማለት ማጥበብ ነው፤ ከብዙ መረጃ አንድ ድምዳሜ ይወጣል። ታሪክ ሲጀመር የሚፈለገው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከአንዲት ትንሽ ነገር ብዙ መንገድ ማውጣት። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆይ ፖል ጊልፎርድ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለቱን ለያይቶ አስቀምጧቸዋል። በእኛ ቋንቋ ሰብሳቢና ዘርጊ አስተሳሰብ ብንላቸው ይስማማቸዋል።

ልዩነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዩት። «ነዋሪዎቹ በውኃ እጥረት ሳቢያ ለከፍተኛ እንግልት ተዳርገዋል።» ለሪፖርት እንከን የለበትም፤ አጠቃሏል፣ ምክንያት ሰጥቷል፣ ማንንም ነጥሎ አላነሳም። አሁን ይህን ያንብቡ፦ «ሴትዮዋ ቢጫ ጀሪካኗን ሰልፉ ላይ በድንጋይ አስደግፋ ልጇን ልታጠባ ሄደች። ስትመለስ ጀሪካኑ አለ፤ ቦታዋ ግን የለም።» የመጀመሪያው ጉዳዩን ዘጋው። ሁለተኛው ከፈተው፤ ማን አስወጣት? ትጣላለች ወይስ ዝም ትላለች? ታሪክዎ ያለው እዚያ ጥያቄ ውስጥ ነው።

እንዲህ ይሞክሩት። ከቢሮ ከመውጣትዎ በፊት የቀኑን ሥራ የት እንዳቆሙና ነገ በምን እንደሚጀምሩ በሁለት መስመር ይጻፉ። ያልተቋጨ ሥራ ትኩረትን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ እነዚያ ሁለት መስመሮች ሥራውን ለነገ ያስረክቡታል። ከዚያ ታክሲ ሳይዙ ቸርችልን ሽቅብ እስከ ማዘጋጃ ቤት በእግር ይሂዱ፤ ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆይ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ ሰዎች ሲራመዱ ከመቀመጥ ይልቅ ብዙ አዳዲስ ሐሳብ እንደሚያፈልቁ አሳይቷል። አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ባለው ፈተና ላይ ግን መራመዱ አልጠቀመም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ጎድቷል። ስለዚህ የበጀት ሠንጠረዥ እየተራመዱ አይመርምሩ፤ ገጸ ባሕርይ ግን ይዘው ይሂዱ።

ቤት ሲገቡ 15 ደቂቃ በእስክሪብቶ፣ ሳይሰርዙ ይጻፉ። ሪፖርት የሚጽፉበትን ላፕቶፕ አይክፈቱት፤ ጣትዎ ቁልፎቹን ሲነካ የለመደውን ቋንቋ ይዞ ይመጣል። ለአንድ ወር ደግሞ «ተደርጓል»፣ «ተከናውኗል»፣ «ተዳርገዋል» ለእርስዎ ክልክል ይሁኑ። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ሰው በእጁ ወይም በአፉ አንድ ነገር ያድርግ።

የሂሳብ ሰው ስለሆንኩ «የግራ አእምሮ ሰው ነህ፤ ፈጠራ የቀኝ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው?

አይደለም። ሮጀር ስፔሪን በ1981 (እ.ኤ.አ.) ለኖቤል ሽልማት ያበቃው ምርምር ሁለቱ የአንጎል ክፍሎች የሥራ ድርሻ እንዳላቸው አሳየ እንጂ ሰዎችን «ግራ» እና «ቀኝ» ብሎ አልከፈለም። በዩታ ዩኒቨርሲቲ ከ1,000 በላይ ሰዎች የአንጎል ምስል ታይቶ በ2013 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ውጤትም በአንድ ወገን ብቻ የሚመራ ሰው አልተገኘም። ፈጠራ ሐሳብን ለቅቆ እንዲንከራተት የሚያደርገውንም፣ የሚቆጣጠረውንም የአንጎል መረብ ይጠይቃል። የቸገረዎት ሁለቱን በአንድ ደቂቃ ማሠራትዎ ነው፤ የሚቀጥለው መልስ ለእርስዎም ይሆናል።

ግጥም እጽፋለሁ። ሁለት ስንኝ ስጽፍ አንዱን እሰርዛለሁ፤ በዓመት ሦስት ግጥም አልጨርስም።

ለዚህ ችግር አገራችን መፍትሔ ካገኘች ቆይታለች። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚቆጥረው (ማለትም የሚፈጥረው) ከሰው ተለይቶ፣ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ነው። የሚነግረው ደግሞ ተመልሶ፣ መምህሩ ፊት ቆሞ። አራሚው መምህር ነው፤ ያውም በሌላ ሰዓት፣ በሌላ ቦታ። ተማሪው ዛፉ ሥር ሳለ ማንም አይነቅፈውም። ሲጀምርም በረጅሙ አይደለም፤ ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ነው። ሥርዓቱን ያቆሙት ሊቃውንት የሚፈጥረውና የሚነቅፈው አእምሮ አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን እንደሚገፋው በደንብ ተረድተውት ነበር።

እርስዎም መቁጠሪያና መንገሪያዎን ይለዩ። የመቁጠሪያ ቀን ቤት ባይመታም፣ ሐሳቡ ቢዛነፍም ወደፊት ብቻ ይሂዱ፤ የሚከነክንዎትን ቃል ከሥሩ አስምረውበት ይለፉ። በዚያው ቀን መልሰው አያንብቡ። ቢያንስ ሁለት ሌሊት አሳድረው፣ ሌላ ቀለም እስክሪብቶ ይዘው፣ ሌላ ቦታ ተቀምጠው ጮክ ብለው ያንብቡት። ምላስዎ የተደናቀፈበት ቦታ ምት ጎድሎታል። በመጀመሪያው ንባብ ምት ብቻ፣ በሁለተኛው ምስል ብቻ፣ በሦስተኛው ቤት መምቻውን ብቻ ይዩ። ሦስቱን ባንድ ጊዜ የሚያይ ሰው ቤት ለማስመታት ብሎ ምስሉን ይሸጣል። አብዛኛው ግጥም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ስድስት ኪሎ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን የተዛማጅ ጽሑፎች ክፍል 40 ገጽ ጽፌ ሰጠሁ፤ አማካሪዬ «ትንታኔ የለውም» ብለው መለሱልኝ። ምን ጨምሪ እያሉኝ ነው?

ጨምሪ ሳይሆን አደራጂ እያሉሽ ነው። በየአንቀጹ ጎን በእርሳስ አንድ መስመር ጻፊ፦ ይህ አንቀጽ ምን ይላል? መስመሮችሽ «እከሌ እንዲህ አለ፣ እከሊት እንዲህ አለች» እያሉ ከተደረደሩ የያዝሽው ዝርዝር ነው። አንቀጽ በሰው ስም ሳይሆን በሐሳብ ይጀምር፤ ስሙ ማስረጃ ሆኖ ከኋላ ይምጣ።

ከዚያ የእያንዳንዱን ምንጭ ዋና ሐሳብ በግማሽ ወረቀት ላይ በሦስት መስመር ጽፈሽ ጠረጴዛ ወይም ወለል ላይ ዘርጊው። ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው ይዞ ሊያንቀሳቅስ የሚችለው ነገር በአማካይ አራት ገደማ ነው፤ 30 ምንጭ በጭንቅላት አይደራጅም። የሚስማሙትን ሳይሆን የሚጋጩትን አጠገብ ለአጠገብ አድርጊ። ይህ ደረጃ ጨዋታ ይፈልጋል፤ ወረቀቶቹን ሦስት አራት ጊዜ አፍርሰሽ ደርድሪያቸው። ብዙ ተማሪ ትንታኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደረቅ ሥራ ይመስለውና ይህን ይዘለዋል። የጥናቱ አዲስ ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚህ፣ በሁለት ወረቀቶች መካከል ነው።

ድርድሩ ሲጸና ወንበርሽ ላይ ተመለሺና በሰብሳቢው አእምሮ ጻፊ፤ በአንድ አንቀጽ አንድ አቋም፣ ሁለት ወይም ሦስት ማስረጃ፣ በመጨረሻም ማስረጃው ለአንቺ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ። የምትረሺው ይህቺን የመጨረሻዋን ነው፤ አማካሪሽ ያጡትም እሷን ሳይሆን አይቀርም። ስትጨርሺ በአንቀጾቹ መካከል ማያያዣ አስገብተሽ ፈትሺ። ሁሉም ቦታ የሚገባው «በተጨማሪም» ብቻ ከሆነ ሐሳቡ አልተንቀሳቀሰም። «ነገር ግን» እና «ስለዚህ» ሲገቡ ክርክር ተጀምሯል። ለዚህ ሥራ ጸጥታ ስለሚያስፈልግ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ወይም ወመዘክር ይሻልሻል፤ ካፌውን ወረቀት ለምታፈርሺበት ቀን አቆዪው።

ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። ሠፈሩ በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ ስለሱ ልጽፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ግማሹ ክርክር፣ ግማሹ ለቅሶ ይሆንብኛል። አንዱን ልተወው?

ሁለቱንም ይያዙ፤ ለጊዜው ግን በአንድ ደብተር አያገናኟቸው።

የክርክሩ ደብተር ውስጥ ማስረጃ ያለው ነገር ብቻ ይግባ፦ የቀበሌ ቤት ኪራይ ደረሰኝ፣ የመነሻ ደብዳቤው ቀን፣ ማን ወዴት እንደሄደ፣ ለትምህርት ቤትና ለሥራ የሚወጣው የትራንስፖርት ገንዘብ ድሮና ዛሬ። የጣሪያውን ማፍሰስና በጋራ መጸዳጃ ቤት ተሰልፎ መጠበቅንም እርስዎ ራስዎ ይጻፉት። ካልጻፉት የሚቃወምዎት ሰው ያቺን አንዷን አንስቶ የቀረውን ሁሉ ይጥልብዎታል።

የትዝታው ደብተር ውስጥ አኃዝ አይግባ፣ «ማኅበራዊ ትስስር» የሚባልም ነገር አይግባ። አንድ ዕቃና አንድ ሰዓት ይምረጡ፤ የግቢው ቆርቆሮ በር ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሲከፈት የሚያሰማው ድምፅ፣ መጀመሪያ የሚወጣው ማን እንደነበር፣ ምን እንደያዘ። እንባ ቢመጣ ይምጣ፤ ብቻ «አዘንኩ» ብለው አይጻፉት፣ በሩን ይጻፉት።

ሁለቱም አሥር አሥር ገጽ ያህል ሲደርሱ ጎን ለጎን አድርገው ያንብቧቸው። ለማዋሐድ ከወሰኑ ትዝታው ይቅደም፣ ክርክሩ ይከተል፣ በመካከላቸው ባዶ መስመር ይግባ፤ አንባቢም አእምሮውን ለመቀየር ትንፋሽ ያስፈልገዋል። ከሁሉ በፊት ግን በየኮንዶሚኒየሙ ለተበተኑት ጎረቤቶችዎ ይደውሉ፣ ከትልልቆቹ ይጀምሩ። ያ በር መጀመሪያ ለማን ይከፈት እንደነበር የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው።