የደመወዝ ግብር ሲለወጥ የመጋዘኑ ማዘዣ ለምን ይቆማል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፤ ኮምቦልቻ ላይ መጋዘን፣ ደሴ ውስጥ ደግሞ ፒያሳና ሰኞ ገበያ ላይ ሁለት መሸጫ ሱቆች ባሉት የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የሂሳብ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሽያጩን፣ ክምችቱንና ደመወዙን የምንሠራበት ፕሮግራም ከዓመታት በፊት በአንድ ባለሙያ የተጻፈ ነው። አዲሱ የደመወዝ ግብር ሲመጣ ባለሙያው ስሌቱን ቢያስተካክልልንም፣ በማግሥቱ የዕቃ ወጪ ማዘዣ አልታተም ብሎ ሁለት ቀን በእጅ ስንጽፍ ሰነበትን። አሁን የቀጠርነው ወጣት ባለሙያ ሁሉንም ራሳቸውን ወደቻሉ ትናንሽ ፕሮግራሞች ከፋፍዬ እንደ አዲስ ልጻፈው ይላል፤ ሥራ አስኪያጃችን በበኩላቸው የተዘጋጀ ኢአርፒ (ሽያጭን፣ ክምችትንና ሂሳብን አንድ ላይ የሚያካሂድ ፕሮግራም) እናስገባ ባይ ናቸው። የትኛውን ትመክሩናላችሁ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ለአንደኛው ወገን ከመፍረዳችን በፊት ሕመሙ የት እንዳለ እንለይ። ደመወዙ ሲነካ ማዘዣው የሚቆመው ፕሮግራሙ ስላረጀ ሳይሆን አንዱ ሥራ የሌላውን ጓዳ እንደ ልቡ እየገባ እንዲያይ ስለተፈቀደለት ነው። በደብዳቤዎ ባይገለጽም፣ በእንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ላይ የተለመደው ስሕተት የማዘዣው ቅጽ የንብረት ጠባቂውን ስም ለማምጣት የደመወዝ ሠንጠረዡን በቀጥታ ማንበቡ ነው፤ ሠንጠረዡ ላይ የአንድ ዓምድ ስም ሲለወጥ ቅጹ የሚፈልገውን ያጣል።

ዴቪድ ፓርናስ የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ፕሮግራም በሥራው ቅደም ተከተል ሳይሆን ወደፊት ሊለወጥ በሚችለው ነገር መከፈል እንዳለበት፣ እያንዳንዱ ሞጁልም (የፕሮግራሙ ክፍል) ያንን ተለዋዋጭ ነገር ከሌሎቹ መሰወር እንደሚገባው አስረድተዋል። በእናንተ ቤት የሚለወጠው ምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከግብር ነፃ የሆነው ወርኃዊ ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር፣ የ35 በመቶው እርከን መነሻም ከ10,900 ብር ወደ 14,000 ብር ከፍ ብሏል፤ የጡረታ መዋጮው ግን ለሠራተኛው 7፣ ለአሠሪው 11 በመቶ እንደሆነ ቀጥሏል። እነዚህ ቁጥሮች በኮድ ውስጥ ተበትነው ሳይሆን፣ የሚጸኑበት ቀን ተጽፎባቸው በአንድ ሠንጠረዥ ቢቀመጡ ኖሮ፣ የሰኔን ደመወዝ በነሐሴ ላይ ማረም ቢያስፈልግ እንኳ ፕሮግራሙ ራሱ የቀድሞውን እርከን ይመርጥ ነበር። ለውጡንም እርስዎ በቁልፍ ሰሌዳ ያስገቡት ነበር እንጂ ባለሙያ ባልተጠራ።

ክምችቱም የራሱ ምሥጢር አለው። ብረት በኩንታል ገዝቶ በቤርጋ የሚሸጥ ድርጅት የመለኪያ ለውጡን አንድ ቦታ ብቻ ማስላት አለበት፤ ባለ 12 ሚሊ ብረት በሜትር 0.888 ኪሎ ስለሚመዝን፣ የ12 ሜትር ቤርጋው ወደ 10.66 ኪሎ ይሆናል። ይህን ስሌት የሽያጭ ቅጹ በራሱ፣ የመጋዘን ሪፖርቱም በራሱ ከሠሩት፣ በዓመቱ ቆጠራ ላይ የሚታየውን ልዩነት ማንም አያስረዳም። የሽያጩ ሞጁል «ሃምሳ ቤርጋ ይውጣ» ብሎ ይጠይቅ፤ በኪሎ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ የክምችቱ ሞጁል ጉዳይ ነው።

በወጣቱ ባለሙያ ሐሳብ የማንስማማው እዚህ ላይ ነው። ሞጁሎች በአንድ ፕሮግራምና በአንድ ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ውስጥ ሆነው ድንበራቸውን ሊያከብሩ ይችላሉ። በየራሳቸው ሰርቨር ላይ ሲለያዩ ግን፣ ሽያጩ ተመዝግቦ ክምችቱ ሳይቀነስ መስመር ቢቋረጥ፣ አንድ ዳታቤዝ ቢሆን ሁለቱንም በአንድነት ሰርዞ የሚያስተካክለውን ስሕተት እናንተ በእጅ ማሳደድ ይኖርባችኋል። አንድ ባለሙያ ላለው ድርጅት ይህ ከባድ ዕዳ ነው። በሰርቨር መለየት የሚገባው በደሴ ሱቆችና በኮምቦልቻው መጋዘን መካከል ብቻ ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ሱቁ መሸጡን እንዲቀጥል ሽያጩን እዚያው መዝግቦ ወረፋ ያስይዘው፣ መስመሩ ሲመለስ ይላከው። እያንዳንዱ ሽያጭ የማይደገም ቁጥር ካለው፣ ሁለት ጊዜ ቢላክ እንኳ መጋዘኑ አንዴ ብቻ ይቀንሳል።

ሥራ አስኪያጅዎ ያሉትም ከንቱ አይደለም። ኦዱ እና ኢአርፒኔክስት የተባሉት ኮዳቸው ክፍት የሆነ ሥርዓቶች ሽያጭን፣ ክምችትንና ሂሳብን በሞጁል ከፍለው ያቀርባሉ። ነገር ግን የራሳችሁን ፍላጎት ለማሟላት ዋናውን ኮድ እየከፈታችሁ ከነካካችሁ፣ አዲሱ ዕትም ሲጫን ድካማችሁ ሁሉ ይጠፋል፤ ጭማሪው በተለየ ሞጁል ይጻፍ። የቀን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው፦ ዳታቤዙ በጎርጎርዮስ ያስቀምጥ፣ ገጹ በእኛ ያሳይ። ጳጉሜን ሳይሰላ የሚያልፍ ፕሮግራም ጉድለት አለበት፤ እንደ 13ኛ የደመወዝ ወር የሚቆጥረው ደግሞ ለሠራተኛው ደስታ፣ ለእርስዎ ግን ጭንቀት ነው።

እንደ እኛ አሳብ፣ መጀመሪያ ደመወዙን ብቻ ከነባሩ ፕሮግራም አውጡት፤ ከቀሪው ጋር ሊገናኝ የሚገባው በወሩ መጨረሻ በሚልከው የሂሳብ ምዝገባ ስለሆነ ከሁሉም ይልቅ ለመለየት ይቀላል። ሁለት ወር ከአሮጌው ጎን ለጎን አስልታችሁ አወዳድሩ። የባለሙያውን ክፍያ ከማጠናቀቅዎ በፊትም በዳታቤዙ ቅጂ ላይ የግብር እርከኑን እፊትዎ እንዲለውጥ ይጠይቁት፤ ወዲያው የዕቃ ወጪ ማዘዣ ያሳትሙ።