ልጆቹ ቪዲዮውን ሳያዩ ቢመጡስ? ለ7ኛ ክፍል የሒሳብ መምህርቷ

መምህርት፣ ጥያቄዎ ይህ ነበር፦ «7ኛ ክፍል አልጀብራ አስተምራለሁ። ትምህርቱን በቪዲዮ ቀርጬ ማታ ቤታቸው እንዲያዩት፣ ክፍል ውስጥ ደግሞ መልመጃ ብቻ እንድንሠራ አስቤያለሁ። የሞከረ አለ? ሳያዩ ቢመጡስ? ወላጅስ ምን ይላል?»

እኔ ሞክሬዋለሁ። አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ 54 ተማሪ ባለበት ክፍል፣ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውድቀት ስለነበር ከእሱ ልጀምር።

ሰሌዳው ፊት ስልክ አቁሜ 24 ደቂቃ የሚፈጅ ቪዲዮ ቀረጽኩና በቴሌግራም ለቀቅኩት። በማግስቱ «ያያችሁ እጅ አውጡ» ስል 17 እጅ ወጣ፤ ከ17ቱም አንዳንዱ ጓደኛው ሲያወጣ አይቶ ያወጣ ይመስለኛል። ምን አደረግሁ? ጠመኔ አንስቼ እንደ ወትሮዬ ከሀ እስከ ፐ አስተማርኩ። ጥፋቴ ይሄ ነው። አይተው የመጡት ልጆች ለትጋታቸው ተቀጡ፤ ማታ የሰሙትን ቀን ደግሞ ቁጭ ብለው ሰሙት። በሳምንቱ እነሱም ማየት ተዉ። ተማሪ ሞኝ አይደለም፤ ቲቸር ነገ ራሱ የሚደግመውን ምን ብሎ በእናቱ ፓኬጅ ያወርዳል?

ስለዚህ ሳያዩ ለመጡት ብለው አይድገሙ። እኔ አሁን ከክፍሉ ኋላ አንድ ጥግ አለኝ፤ የራሴ አሮጌ ስልክና ከአይሲቲ ክፍል የምዋሰው ላፕቶፕ እዚያ ይቀመጣሉ። ያላየ ሁሉ ክፍለ ጊዜው ሲጀምር እዚያ ሄዶ ያያል፣ ሲጨርስ መጥቶ ከቡድኑ ይቀላቀላል። ቁጣ የለም፣ ማርክ መቀነስም የለም። ስልክ የሌለውና ሰንፎ ያላየው አንድ ላይ ስለሚቀመጡ ማን በምን ምክንያት እንደተቀመጠ አይታወቅም፤ ይህ ለድሃ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ ጥግ ሙሉ ነበር። ልጆቹ መሀል ላይ ያለው ክርክር እንደሚያመልጣቸው ሲያዩ ግን እየሳሳ ሄደ፤ አሁን ከስምንት ዘጠኝ ልጅ አይበልጥም።

አይተው መምጣታቸውን ለማወቅ በር ላይ ቆሜ ደብተር አያለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ነው የምፈልገው፦ በቪዲዮው መጨረሻ የሰጠኋት አንዲት ጥያቄ ተሠርታ፣ ከሥሯ ደግሞ ያልገባው ነገር ተጽፎ። «ሁሉም ገብቶኛል» አልቀበልም። ሁሉም የገባው ልጅ ካለ ለጓደኛው የሚያቀርበውን ጥያቄ ይጻፍ።

እዚህ ግሩፕ ውስጥ ብዙዎቻችን የፕላዝማ ትውልድ ነን፤ ክፍል ውስጥ በተሰቀለ ቴሌቪዥን የተማርን። ከሳተላይት የሚመጣው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ እስክሪብቶ ሳናነሳ መልሱን ራሱ ይናገራል፣ ማንም ሳይመልስ «ቬሪ ጉድ!» ብሎ ያልፋል። የክፍላችን መምህር ደግሞ በሩ አጠገብ ቆሞ ከእኛ ጋር ያያል። ርዕሰ መምህሬ ሐሳቤን ሲሰማ «ያንን ልትመልስብን ነው?» ያለው ለዚህ ነው። ልዩነቱ የማቆሚያው ቁልፍ ነው። ፕላዝማ ማንንም አይጠብቅም ነበር፤ ይሄኛውን ልጁ አቁሞ፣ መልሶ፣ ሦስት ጊዜ ያየዋል። መምህሩም ከበሩ አጠገብ ወደ ወንበሮቹ መሀል ይገባል። ይህን «የተገለበጠ ክፍል» የሚባለውን ዘዴ ያስተዋወቁት ሁለት አሜሪካዊ የኬሚስትሪ መምህራን፣ ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ኮሎራዶ ውስጥ መቅረጽ የጀመሩት ከክፍል ለቀሩ ተማሪዎች ብለው ነበር። እኔም ጋ ታሞ የሚቀር ልጅ ጥቅሙን ከማንም በፊት አየው።

መሀል ገባሁ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳይዎት። አንድ ቀን ቪዲዮው ስለ ቅንፍ ማስወገድ ነበር። ክፍል ውስጥ 5 − 2(ኤክስ − 3) አቃልሉ አልኩና በወንበሮቹ መሀል ስዞር ሦስት ዓይነት መልስ አየሁ። አንደኛው 11 − 2ኤክስ፣ ትክክል። ሁለተኛው −2ኤክስ − 1፤ ይህ የታወቀው በሽታችን ነው፣ ማይነሱ ኤክስን ነክቶ 3ን ሳይነካ ያልፋል። ሦስተኛው 3ኤክስ − 9፤ ልጁ ከ5 ላይ መጀመሪያ 2 ቀነሰና በተረፈው 3 ቅንፉን አባዛው። ሦስቱንም ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና «በኤክስ ቦታ 4 አስገቡና ራሳችሁ ፍረዱ» አልኩ። ዋናው 3 ይሰጣል። የመጀመሪያው መልስም 3። ሁለተኛው −9፣ ወደቀ። ያን ጊዜ በመስኮቱ በኩል ያለው ልጅ ከመቀመጫው ተነስቶ «ቲቸር፣ የእኔም እኮ 3 መጣ!» አለ። 3 ጊዜ 4፣ ሲቀነስ 9። እውነቱን ነው!

4ን የመረጥኩት እንዲያው በዘፈቀደ ነበር። ጠመኔዬን ይዤ ቀረሁ። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዲት ብዙ የማትናገር ልጅ «በ10 እንሞክረው» አለች። ዋናው −9፣ የመጀመሪያው መልስ −9፣ የልጁ 21። ልጁ ግን እጅ አልሰጠም፤ «ታዲያ 4 ላይ ለምን ተገናኙ?» አለኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፍናቸው፦ 11 − 2ኤክስ = 3ኤክስ − 9። ወዲያ ወዲህ ስናደርገው 5ኤክስ = 20፣ ኤክስ 4 ሆነ። ኢኩዌሽን የሚለው ምዕራፍ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረው ነበር፤ ልጆቹ ግን ኢኩዌሽን መሥራት ሁለት ነገሮች የሚገናኙበትን ቁጥር መፈለግ መሆኑን በዚያች ቀን ተረዱት። ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። ቅንፍ እንዴት እንደሚፈታ ሰሌዳ ላይ ሳብራራ ብውል ኖሮ ይህን ሃያ ደቂቃ ከየት አመጣዋለሁ? ያ ልጅም 3ኤክስ − 9ን ደብተሩ ውስጥ ይዞ ወደ 8ኛ ክፍል ያልፍ ነበር።

ሁሉንም ትምህርት ግን አይገልብጡ። እኔ በሳምንት ሁለቱን ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው የምገለብጠው። ቅንፍ መፍታት፣ ተመሳሳይ ቁሞችን (እንደ 2ኤክስና 5ኤክስ ያሉትን) መሰብሰብ፣ ኢኩዌሽን ደረጃ በደረጃ መሥራት ለቪዲዮ ይመቻል። ኤክስ ራሱ ምን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የማስተዋውቅበትን ቀን ግን በምንም ተአምር ለስልክ አልሰጥም። «አንድ ቁጥር አስቡ፣ 2 ጨምሩበት፣ እጥፍ አድርጉት...» እያልኩ ዓይናቸውን ማየት አለብኝ። የቃላት ፕሮብሌምም ሞክሬ ተውኩት፤ ዓረፍተ ነገሩን ወደ ሒሳብ ሲቀይሩ ምን እንዳሰቡ ካልሰማሁ ምንም አልረዳቸውም።

ቀረጻው ቀላል ነው። ሁለት ወንበር፣ በመሀላቸው መጥረጊያ እንጨት፣ እንጨቱ ላይ በላስቲክ የታሰረ ስልክ ወደ ታች ወረቀት እያየ። ወፍራም ማርከር። ፊቴ አይታይም፣ እጄ ብቻ። ርዝመቱ ከስድስት ደቂቃ አያልፍም፣ አንድ ሐሳብ፣ ሁለት ምሳሌ። ጥራቱን ዝቅ አድርጌ ከ15 ሜጋ በታች አወርደዋለሁ፤ መብራት ሲጠፋም ሆነ ፓኬጅ ሲያልቅ ከልጅ ወደ ልጅ በሚሞሪ ይዘዋወራል። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ስያሜዎቹን በእንግሊዝኛ እጠራና ማብራሪያውን በአማርኛ አደርገዋለሁ። ስሳሳት ቆርጬ አላወጣም፣ «ቆይ ተሳሳትኩ» ብዬ እሰርዛለሁ። አንዱ ቪዲዮ ላይ የጎረቤት ዶሮ ሁለት ጊዜ ይጮሃል፤ ልጆቹ እስካሁን «የዶሮው ትምህርት» ነው የሚሉት፣ ይዘቱንም ከሌላው ሁሉ አብልጠው ያስታውሱታል።

ወላጅን በተመለከተ፣ «አያስተምርም» ከሚል ወላጅ ይልቅ የገጠመኝ ሌላ ነው። አንዲት እናት መጥተው «ልጄ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ላይ ነው፣ ስለው ቲቸር አዞኝ ነው ይለኛል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በወላጅ ስብሰባ ላይ ቪዲዮውን በድምፅ ማጉያ አሳየኋቸውና «የእኔ ስድስት ደቂቃ ነው፣ ከዚያ ያለፈው የኔ አይደለም» አልኩ። ሳቁ፣ ነገሩም አለቀ።

ሲጀምሩ በአንድ ሴክሽን፣ በአንድ ምዕራፍ ይጀምሩ። የእንጨቱንና የወንበሩን ፎቶ ነገ ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚህ እለጥፍልዎታለሁ።