የሎሚና የብርቱካን ዛፍ እንክብካቤ በድሬዳዋ የካቲት

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ መልካ ጀብዱ በጓሮዬ ሎሚና ብርቱካን አሉኝ። በየቀኑ ባጠጣቸውም ለጋ ቅጠላቸው ቢጫ እየሆነ ነው። የበልግ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ልግረዛቸው? ዩሪያስ ልጨምርላቸው? ባዶ በቀረው መደብ ላይ ቲማቲም ብተክልስ ያዋጣኛል?

መልስ፦ ዩሪያውን ለጊዜው ያቆዩትና ቢጫነቱን ቀረብ ብለው ይመልከቱት። የናይትሮጅን እጥረት ቢሆን ኖሮ ካረጁት ቅጠሎች ጀምሮ ቅጠሉን በሙሉ ያዳርሰው ነበር። እርስዎ እንደገለጹት የተጎዳው ለጋው ነው፤ ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንስተው ሲያዩት ገላው ገርጥቶ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ እንደሆኑ ከቀሩ፣ ችግሩ በአብዛኛው የብረት እጥረት ነው። ብረቱ ከአፈሩ ጠፍቶ ሳይሆን፣ የአካባቢው አፈርና የጉድጓድ ውሃ ኖራ ስለሚበዛባቸው ሥሩ ሊወስደው በማይችለው መልክ ታስሮ ይቀራል። በማንቆርቆሪያዎ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ድንጋይ የሚመጣው ከዚሁ ውሃ ነው። በየቀኑ ማጠጣት ደግሞ ሥሩን አየር ስለሚነሳው ችግሩን ያባብሰዋል።

ስለዚህ ከመግረዝም ከማዳበሪያም በፊት የውሃ አጠጣጡን ያስተካክሉ። የቅርንጫፎቹ ጥላ በሚያርፍበት ዙሪያ ክብ ማቆሪያ ያብጁ፤ ግንዱ አጠገብ ያለው አፈር ግን ከፍ ብሎ ደረቅ እንደሆነ ይቆይ። ከማጠጣትዎ በፊት አንድ ስንዝር ያህል ቆፍረው አፈሩን በእጅዎ ይጨብጡት፤ ተጣብቆ ከቀረ ውሃው ይቆይ፣ ከተበተነ ግን ጠዋት ወይም ማታ ወደ ታች እስኪዘልቅ ድረስ ያጠጡ። ዛፉ አበባ አውጥቶ ፍሬ በሚቋጥርበት ጊዜ ድርቀት ካገኘው ለጋውን ፍሬ ስለሚያረግፍ፣ በዚያን ጊዜ ውሃውን አያዘግዩበት። በማቆሪያው ላይ የማሽላ አገዳ ወይም፣ ፍየሎቹ ካስተረፉልዎ፣ ገረባ (የጫት ትራፊ) ይጎዝጉዙ፤ ምስጥ እንዳይጠራ ግን ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ።

በቼሌት መልክ የተዘጋጀ፣ ማለትም ኖራው በቀላሉ እንዳያስረው በሌላ ውህድ የተያዘ ብረት ከገበያ ካገኙ ለኖራማ አፈር የሚሆነውን ይምረጡ። ተራውን የብረት ሰልፌት አፈር ላይ መበተን በእኔ እምነት ገንዘብ መጣል ነው፤ ያንንም ኖራው ያስረዋል።

መግረዙን በተመለከተ የደረቀውን፣ የታመመውንና ችግኙ ከተዳቀለበት ቦታ በታች የሚያቆጠቁጠውን ብቻ ያስወግዱ። ከመጋቢት በኋላ ሙቀቱ እየበረታ ስለሚሄድ፣ ዛፉን አራቁተው ከገረዙት የድሬ ፀሐይ ልጡን ይሰነጥቀዋል። የተጋለጠ ግንድ ካለ በውሃ የተበጠበጠ ኖራ ይቀቡት፤ በአፈር ውስጥ ያስቸገረን ኖራ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ዩሪያ በሞቃትና ኖራማ አፈር ላይ ተበትኖ ከቀረ ወደ ጋዝ ተለውጦ ይተናል። ያረጁት ቅጠሎችም ገርጥተው ከሆነ፣ ዝናቡ አፈሩን ካረጠበ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ከፍለው አፈር ያልብሱት። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ግን ከአሁኑ ማቆሪያው ውስጥ ቢቀላቅሉ መልካም ነው፤ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል።

ቲማቲሙን ለጥቅምት ያቆዩት። አሁን ቢተክሉት የሚያብበው በሚያዝያ ሙቀት ስለሚሆን አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። በመደቡ ላይ ሙቀት የሚወደውን ባሚያ ይዝሩ፤ ዘሩን አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ካሳደሩት ቶሎ ይበቅልልዎታል።